የላሜራና የቀለም ሙያ፦ የጀማሪው ስህተት ከማን ኪስ ይከፈል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር በገጠርም በከተማም በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ልጆቹ ከዚህ በኋላ ወዴት ይሂዱ? በ2014 ዓ.ም ፈተናውን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5 ነጥብ 4 በመቶ ሆነዋል። በማካካሻ ትምህርት ሌላ ዕድል የሚያገኙ መኖራቸው እርግጥ ነው። ያም ሆኖ እጅግ የሚበዙት ተፈታኞች ወደ ወላጆቻቸው ቤት ይመለሳሉ፤ የወላጅ መሬት ደግሞ ለአራትና ለአምስት ልጆች ተከፋፍሎ ጎጆ የሚያስወጣ አልሆነም።

ከእነዚህ ወጣቶች ጥቂት የማይባሉት ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ያመራሉ። የተሽከርካሪ ሙያ የመረጠ ወጣት ምን መማር እንደሚፈልግ ሲጠየቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ ሞተር ነው፤ አለዚያም ኤሌክትሪክ። የተጋጨ አካል ማቃናት፣ ላሜራ መቀጥቀጥ፣ መበየድ፣ ስቱኮ መምታትና ቀለም መርጨት ግን እንደ ሙያ ሳይሆን እንደ ጉልበት ሥራ ሲቆጠር ኖሯል። ይህ አመለካከት ወጣቶችን የሚበላ እንጀራ፣ ተሽከርካሪዎችንም ደኅንነት እያሳጣ ነው።

የሥራው ፍላጎት ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ወጣ። የእነዚህ ሁሉ ድምር ውጤት አንድ ነው፤ በሀገር ውስጥ ያለው መኪና ውድ ንብረት ሆኗል፤ ውድ ንብረት ደግሞ በተጋጨ ጊዜ አይጣልም፣ ይጠገናል። በሌሎች ሀገራት የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ስለሚበልጥ ለቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥ ተሽከርካሪ፣ እዚህ ኮፈኑ ከአንዱ፣ ፓራፋንጎው ከሌላው ተገኝቶ፣ አንዳንዱም ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ ዳግም መንገድ ላይ ይወጣል።

ይህ ጉዳይ መኪና የሌለውን አርሶ አደርም ይነካዋል። ጤፉንና በቆሎውን ወደ ገበያ የሚያደርሰው አይሱዙ፣ በመስኖ ያለማውን ሽንኩርትና ቲማቲም ሳይበሰብስ የሚያነሣው የጭነት መኪና፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው ባጃጅ ሁሉ የዚህ ሙያ ደንበኞች ናቸው። ሻንሲው ተጣሞ በዐይን ግምት ብቻ የተቃና የጭነት መኪና የፊትና የኋላ እግሩ በአንድ መስመር አይሄድም። መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ ጎማው በአንድ ጎኑ ይበላል። ያንን የጎማ ወጪ ባለንብረቱ ብቻውን እንደማይሸከመው፣ በኩንታል የጭነት ሒሳብ ውስጥም እንደሚገባ መገመት አያዳግትም።

ሙያው ራሱ ከውጭ ለሚመለከተው ከሚመስለው በላይ ጥልቅ ነው። በአንድ በኩል እንደ አይሱዙና ሲኖትራክ ያሉ ከባድ ተሽከርካሪዎች አሉ፤ እነዚህ ክብደታቸውን የሚሸከመው ከሥር የተዘረጋው ሻንሲ ሲሆን፣ ጋቢናውና የጭነት ሣጥኑ ከላይ የሚታሠሩ ናቸው። በሌላ በኩል ትንንሾቹ የቤት አውቶሞቢሎች አሉ። አብዛኞቹ የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ የላሜራው አካል ራሱ አጥንትም ቆዳም ነው። የፊተኛው ክፍላቸው በግጭት ጊዜ ሆን ተብሎ እንዲጨማደድ፣ ተሳፋሪው ያለበት ክፍል ግን እንዲጸና ተደርገው ተሠርተዋል። የሚጸናው ክፍል የሚሠራው ጥንካሬው በልዩ የሙቀት አያያዝ ከሚገኝ ብረት ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የታጠፈውን ምሰሶ በጋዝ ነበልባል አቅልቶ በመዶሻ ሲያቃናው ቅርጹ ይመለሳል፤ ጥንካሬው ግን አይመለስም። ከላይ ስቱኮ ይመታል፣ ቀለም ይረጫል፣ መኪናው ያምራል። ድክመቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው ግጭት ነው፤ ያን ጊዜ የሚያውቀው ደግሞ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው።

ስለዚህ መለካት የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ሊሆን ይገባል። ሰያፍ ልኬቱን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ወስዶ ማነጻጸር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሜትርና ማስታወሻ ደብተር ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ጋራዦች ውስጥ ዐይን ከሜትር ይልቅ ይታመናል። ለዓመታት የሠራ ዐይን የሚያስደንቅ ነገር ማየቱ አይካድም፤ ቢሆንም ሦስትና አራት ሚሊ ሜትር ያህል የተዛባ የመሪ መያዣን ዐይን አይለይም።

የቀለም ሥራው ደግሞ ለአርሶ አደር በቀላሉ ሊገባው የሚችል ጠባይ አለው። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን ደጋግሞ አርሶ ያለሰልሳል፤ ዘሩን መበተን የሥራው አጭሩ ክፍል ነው። ቀለምም እንዲሁ ነው። መርጨቱ የደቂቃዎች ጉዳይ ሲሆን ዝግጅቱ ቀናት ይወስዳል። ብረቱ በመዶሻና በመደገፊያ ብረት ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ዝገቱ ይጠረጋል፣ ቅባቱ ይታጠባል። መዶሻ ሊያስተካክለው ያልቻለው ትንሽ ጎድጓዳ ብቻ በስቱኮ ይሞላል፤ ውፍረቱ ከሦስት ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ይጀመራል፤ መጀመሪያ ሻካራው 80 ቁጥር፣ ቀጥሎ 180፣ ከዚያ 320፣ የመሠረት ቀለሙ ከተረጨ በኋላ ደግሞ ልስላሴው የበለጠ 600ና 800 ቁጥር። አንዱን ቁጥር የዘለለ ሠራተኛ ጭረቱ ከቀለሙ ሥር ሆኖ ከሳምንታት በኋላ ይወጣበታል። በመጨረሻ የቀለሙ እርከንና ክሊር የሚባለው አንጸባራቂ ሽፋን ይመጣሉ።

በስቱኮ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ብረቱን የማቃናት ድካም ለመሸሽ ጣት የሚያህል ስቱኮ የተሞላበት በር ለጊዜው ያምራል። ነገር ግን የኮረኮንች መንገድ ሲያርገፈግፈው፣ የቀን ሙቀትና የሌሊት ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ከሥር ይዝጋል። በስስ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት በመኪናው ላይ ቀስ እያደረጉ ማስጠጋት ይህን ማታለል ያጋልጣል፤ ስቱኮ የበዛበት ቦታ ማግኔቷን አይስባትም። ከፕላስቲክ በተሠሩ ክፍሎች ላይ ግን ይህ ሙከራ አይሠራም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት እስካሁን የተላለፈው በክፍል ውስጥ አይደለም። የጋራዡን ቋንቋ ማዳመጥ ብቻ ታሪኩን ይናገራል። ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን የሚሉት ቃላት ሁሉ የጣሊያንኛ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ከጣሊያናውያን መካኒኮች የተማሩ ኢትዮጵያውያን ለረዳቶቻቸው፣ ረዳቶቹም ለራሳቸው ረዳቶች ያስተላለፉት ነው፤ መጽሐፍ ሳይጻፍለት ቃሉና ሙያው አብረው ተጓዙ። ከዚያም አልፎ በሀገር ውስጥ የራሱን ፍሬ አፍርቷል። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ አካሉ እዚሁ ተሠርቶ ለሕዝብ ማመላለሻ የሚውለው አውቶቡስ ቅጥቅጥ ይባላል፤ ስሙ ራሱ መዶሻውን ያስታውሳል። ሙሉ የአውቶቡስ አካል መሥራት የቻለ እጅ ያለበት ሀገር የላሜራ ሙያን ከዜሮ ይጀምራል ማለት አይቻልም።

ታዲያ ወላጆች ልጃቸውን ወደዚህ ሙያ ለመላክ ለምን ያመነታሉ? አንዱ ምክንያት በግልጽ የማይነገር ነው። ብረት መቀጥቀጥ በገጠሩ ማኅበረሰብ ዘንድ ለረጅም ዘመን የተናቀ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራለትን ባለ እጅ ጠይብ ብሎ የሚያንቋሽሽ፣ ከእርሱም ጋር ጋብቻን የሚሸሽ ገበሬ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ ጠፍቷል ለማለት አያስደፍርም። ዐጼ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፈውም ልማዱ ከሥሩ አልተነቀለም። ልጁ ሞተር ሲፈታ መካኒክ ሆነ ብሎ የሚደሰት አባት፣ ላሜራ ሲቀጠቅጥ ባየው ጊዜ የሚያፍርበት ምክንያት ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

ወደ ሙያው የሚገባ ወጣት ሁለት በሮች አሉት። የመጀመሪያው የጋራዡ በር ነው። ልጁ ዘመድ ወይም የአገር ሰው ተለምኖለት ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠርጋል፣ ዕቃ ያቀብላል፣ ቀኑን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፤ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከምሳ አያልፍም። ቀስ በቀስ ዕቃ መፍታት፣ ስቱኮ መምታት፣ መቀጥቀጥ ይፈቀድለታል። የቀለም መርጫው መሣሪያ በእጁ የሚገባው በመጨረሻ ነው። በዚህ መንገድ የወጣ ሰው እጁ ይታመናል። ጉድለቱ ደግሞ አለቃው የማያውቀውን እርሱም ሳያውቅ መቅረቱ ነው፤ አለቃው በነበልባል የሚያቃና ከሆነ እርሱም በነበልባል ያቃናል። ስንት ዓመት እንደሚማርና መቼ እንደሚመረቅም የሚነግረው የለም።

ሁለተኛው በር ኮሌጁ ነው። የሀገሪቱ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሥርዓት በወረቀት ላይ ሲታይ የሚነቀፍ አይደለም። ከሥልጠናው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ያዛል፤ ሠልጣኙም የተግባሩን ክፍል ከድርጅቶች ጋር በሚደረግ የትብብር ሥልጠና እንዲያገኝ ይጠብቃል። በመጨረሻም የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ችግሩ የሚጀምረው 70 በመቶው የት ይሠራ ሲባል ነው።

የሞተር ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ አንድ አሮጌ ሞተር ካለው ለዓመታት ይጠቀምበታል። አንዱ ሠልጣኝ የፈታውን ሌላው ይገጥመዋል፤ የተሳሳተ ቢኖር ደግሞ እንደ ገና ይፈታል። የቀለም ትምህርት ግን የተገዛውን ይበላል። ከሃርድነር ጋር የተደባለቀ ቀለም በዚያው ቀን ካልተረጨ ይደርቅና ይጣላል። ስቱኮው ይደነድናል፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ያልቃል፣ የብየዳ ኤሌክትሮዱ ይነዳል። ለሃያ አምስት ሠልጣኞች እያንዳንዳቸው አንድ በር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲሠሩ ቢባል ፍጆታው የአንድን ኮሌጅ የግዢ በጀት ይፈታተናል። በጀት ሲጠብ በቅድሚያ የሚቀነሰው አላቂ ዕቃ ነው። ያን ጊዜ አሠልጣኙ አንድ ጊዜ ይረጫል፣ ሃያ አምስቱ ቆመው ያያሉ።

ከዚያም ሠልጣኙ ወደ ጋራዥ ይላካል። እዚያ የሚጠብቀው የደንበኛ መኪና ነው። የጋራዡ ባለቤት አስቦ ሲመልስ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሥራውን በቁርጥ ዋጋ ተዋውሏል፤ ቀለሙን በራሱ ገንዘብ ገዝቷል፤ የማስረከቢያ ቀኑ ደርሷል። ጀማሪው የረጨው ቀለም ቢፈስ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቢንቆረቆር ፍቆ እንደ ገና የሚረጨው እርሱ ነው። ስለዚህ ለሠልጣኙ መጥረጊያ ይሰጠዋል፤ ቅጹንም ይፈርምለታል። ሠልጣኙ ጊዜውን ጨርሶ ሲመለስ የሰነዱ 70 በመቶ ተሟልቷል፤ እጁ ግን እንዳልነበረ ነው።

በዚህ የተነሣ በሁለቱም በሮች የሚወጣው ባለሙያ ግማሽ ነው፤ አንዱ እጅ አለው ልኬትና ደኅንነት አላወቀም፣ ሌላው ሰነድ አለው እጅ አላበጀም። ክርክሩ ኮሌጅ ይሻላል ወይስ ጋራዥ በሚለው ላይ መሆን አልነበረበትም። መጠየቅ ያለበት የጀማሪው ስህተት ዋጋ ከማን ኪስ ይከፈል የሚለው ነው። ዛሬ መልሱ ከማንም ኪስ አይከፈልም የሚል ነው፤ ስህተት መሥራት ያልተፈቀደለት ጀማሪ ደግሞ አይማርም።

የግብርና ኤክስቴንሽን ይህን ችግር ከረጅም ጊዜ በፊት አውቆታል። አዲስ ዝርያ ሲመጣ ገበሬው የዓመት ቀለቡን በሚያገኝበት ማሳ ላይ ይሞክረው አይባልም። በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ሠርቶ ማሳያ ይዘጋጃል፤ ሰብሉ ቢከሽፍ የሚከስር ቤተሰብ የለም። የላሜራና የቀለም ሙያም የራሱ ሠርቶ ማሳያ ማሳ ያስፈልገዋል። ማሳው ደግሞ ቅርብ ነው። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ግቢ ጎማቸው ወርዶ፣ ሣር በቅሎባቸው የቆሙ ተሽከርካሪዎች አሉ። በጨረታ እስኪወገዱ ዓመታት ያስቆጥራሉ፤ እስከዚያው ዝናብና ፀሐይ ይጨርሳቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ዳግም የማይነሡት በሕጋዊ የንብረት አወጋገድ ሥርዓት ወደ ኮሌጆች ቢተላለፉ፣ አንድ መኪና ብቻ አራት በር፣ አራት ፓራፋንጎ፣ ኮፈንና ጣሪያ ይሰጣል። በሩ ላይ ሆን ተብሎ ጉዳት ይደርሳል፣ ይቃናል፣ ይቀባል፣ ተፍቆ ደግሞ ይሠራል። ጋራዦችም ሌላ ዕቃ የማይወጣላቸውን የተቀየሩ ክፍሎች ለቁርጥራጭ ነጋዴ ከመሸጣቸው በፊት ለልምምድ ሊያውሏቸው ይችላሉ።

ፍጆታው ግን አሁንም ገንዘብ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ከሙያው የሚጠቀሙ ወገኖች ድርሻ ይነሣል። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ሲሆን የራስን ተሽከርካሪ ጉዳት የሚሸፍነው ሙሉ ዋስትና የገባ ባለንብረት ነው፤ የዚህ ዓይነቱን ጥገና ክፍያ የሚፈጽመው መድን ድርጅቱ ነው። ጋራዥ ሲመረጥ የሚያሸንፈው በአብዛኛው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። ዝቅ ያለው ዋጋ ከምን ላይ እንደተቀነሰ የሚጠይቅ ከሌለ፣ የሚቀነሰው ከስቱኮው ሥር ካለው ሥራ፣ ከሠራተኛው መከላከያ ጭንብልና ከጀማሪው ሥልጠና ነው። በጨረታው መስፈርት ላይ ብቃቱ የተመዘነ ባለሙያ መኖሩና ሠልጣኝ መቀበሉ ነጥብ ቢያሰጥ፣ ጋራዡ ተማሪውን የሚመለከትበት ዐይን ይለወጣል። ይህ ከመንግሥት በጀት ሳንቲም አይጠይቅም።

ከሁሉ በላይ ሊታለፍ የማይገባው ግን የሳንባ ጉዳይ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ባለ ሁለት ውሕድ የመኪና ቀለም ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ይይዛል። ይህ ኬሚካል ከሥራ ጋር በተያያዘ ከሚመጣው አስም ዋና ዋና መንሥኤዎች አንዱ መሆኑ በዓለም ዙሪያ በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው። ጠባዩ ተንኮለኛ ነው። ለወራት ወይም ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ይቆይና ሰውነት አንድ ጊዜ ከተቆጣው በኋላ ጥቂቱ ጭስ እንኳ ትንፋሽ የሚያሳጣ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ባለሙያው የለፋበትን ሥራ ጥሎ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም። አፍና አፍንጫን በሻሽ ወይም በተራ የአቧራ ጭንብል መሸፈን ብናኙን እንጂ ጋዙን አያግድም። በየጋራዡ የሚሰማው ወተት መጠጣት መርዙን ያወጣል የሚለው እምነትም መሠረት የለውም፤ ወተት ወደ ሆድ ይወርዳል፣ ጭሱ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው። የሚያስፈልገው የተለየና አየር የሚወጣበት የመርጫ ክፍል፣ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ጭንብል፣ ጓንትና የዐይን መከላከያ ነው። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስም ማታ ወባ የሚመስል ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስከትላል። ልጁን ለጋራዥ የሚሰጥ ወላጅ ከደመወዙ በፊት ስለ ጭንብሉ ቢጠይቅ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች መምጣት ደግሞ ሥልጠናውን የሚያስቸኩል ሌላ ምክንያት ነው። እነዚህ መኪኖች ዘይት አይቀይሩም፣ የሞተር ሥራቸው ጥቂት ነው፤ ግጭት ግን እንደ ማንኛውም መኪና ይገጥማቸዋል። ስለሆነም ወደፊት የጋራዥ ገቢ ከሞተር ወደ አካል ጥገና ማዘንበሉ የማይቀር ነው። ባትሪያቸው በአብዛኛው ከወለሉ ሥር የተዘረጋ ሲሆን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ኬብሎች ሳይለይና ኃይሉን በሥርዓቱ ሳያቋርጥ ብየዳ የሚጀምር ሠራተኛ በሕይወቱ ይጫወታል። ቀለሙን በከፍተኛ ሙቀት ማድረቅም ባትሪውን ይጎዳል። ይህን ከአለቃው መማር የማይችልበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አለቃውም አልተማረውም። ኮሌጁ ለጋራዡ የሚሰጠው ነገር ካለ አንዱ ይህ ነው።

ለዓመታት በጋራዥ የሠሩና ወረቀት የሌላቸው ባለሙያዎችም የመፍትሔው አካል ናቸው። የሙያ ብቃት ምዘናው ሙያውን በሥራ ላይ ለተማረ ሰውም ክፍት ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ እጁ ግን የተመሰከረለት ላሜራ ሠሪ የሚሰናከለው በተግባሩ ሳይሆን በንድፈ ሐሳቡ ክፍል ነው። ኮሌጆች በምሽት ወይም በቅዳሜና እሑድ አጭር የማጠናከሪያ ትምህርት ቢያዘጋጁላቸው፣ በምትኩ እነርሱ ለሠልጣኞች የእጅ ሥራ ቢያሳዩ ሁለቱም ወገን የጎደለውን ያገኛል። ሴቶችም በዚህ ሙያ እንደ ልብ አይታዩም። ቀለም ማመሳሰልና ማለስለስ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥትና ጥሩ ዐይን የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ የሚለብሱበትና የሚታጠቡበት ክፍል የሌለው ጋራዥ በሩን ሳይዘጋ ይዘጋባቸዋል።

የጊዜ ሰሌዳውም ቢታሰብበት መልካም ነው። የክረምት እርጥበት የቀለም ጠላት ነው፤ ክሊሩን ወተት የነካው ያስመስለዋል፣ ከኮምፕሬሰሩ ጋር የሚመጣው ውኃም ቀለሙን ያቦረቡረዋል። በአንጻሩ መኸሩ ከገባ በኋላ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አየሩ ደረቅ ነው፤ የእህል ጭነትም በመንገዱ ላይ የሚበዛው በእነዚሁ ወራት ነው። የገጠር ልጅ ከሰኔ እስከ መስከረም ለእርሻና ለአረም ቤተሰቡ ይፈልገዋል፤ በበጋ ግን እጁ ነጻ ነው። የትብብር ሥልጠናው በበጋ ወራት ቢደረግ፣ ልኬቱ፣ የደኅንነት ትምህርቱና የምዘና ዝግጅቱ ደግሞ ዝናብ ወደ ቤት በሚያስገባበት ጊዜ ቢሰጥ፣ የአርሶ አደሩ ልጅ ሞፈሩን ሳይጥል የመርጫውን መሣሪያ መያዝ ይችላል። አሁን ባለው የምዝገባ አሠራር ግን ኮሌጆች ሠልጣኞቻቸውን የሚጠሩት ሰብሉ ገና ከማሳ ሳይነሣ ነው።